አልጋ አንጣፊዋ እንግዳ

ሐያት ስትደውልልኝ ፌርፋክስ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ሆቴላችን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ገና ተነጥፎ ያለቀ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነበር። «ራሄልዬ፣ ማም አለፈች» አለችኝ። «አልጋዋን እያነጠፍኩላት ነበር። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ትራሱን አስተካክዬ ዞር ስል፣ እንደተቀመጠች አርፋለች።»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። የእንግዳ አልጋ ላይ! ሥራ በጀመርኩ ዕለት የሐያት እናት እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ የነገሩኝ፣ ሞቴ ቢመጣ እንኳ ቆሜ እንድቀበለው እንጂ የእንግዳ አልጋ ላይ እንዳልቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን ሞታቸውን ተቀምጠው ተቀበሉ። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ደስ አለኝ። ሰው በሞት ዜና እንዴት ደስ ይለዋል የሚለኝ ካለ እትዬ ዘሀራን አያውቃቸውም ማለት ነው። ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው፣ የራሳቸውን አልጋ ለገዛ ልጃቸው እንኳ የማያስነኩ ነበሩ። ታዲያ ልጃቸው አልጋቸውን ስታነጥፍላቸው ተቀምጠው እያዩ ሄዱ መባሉ ለእኔ ትልቅ ብሥራት ነው። እዚያ ለመድረስ ኦሳካ ድረስ መሄድ አስፈልጓቸዋል። አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ ልናገር።

እትዬ ዘሀራ የደሴ ሰው ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቀልጣፋ። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሸጎጥ አድርገው ጋሪያቸውን እየገፉ በኮሪደሩ ሲያልፉ እሳት ሊያጠፉ የሚሮጡ ይመስሉ ነበር። እጃቸው አያርፍም፤ የተዛነፈ ሥዕል፣ የታጠፈ የምንጣፍ ጫፍ፣ የእኔን አንገትጌ ሳይቀር ያስተካክላሉ። ሥራ ሲያስተምሩ ብዙ አያወሩም። «እዪ» ብለው ያሳያሉ፤ ከዚያ ያነጠፉትን መልሰው ያፈርሱትና «በይ አንቺ» ይላሉ። ያን ሁሉ ልፋት ሲያፈርሱት መጀመሪያ ሰሞን እጃቸውን ልይዝ ይቃጣኝ ነበር።

አልጋ አንጥፈው ሲጨርሱ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። በእጃቸው ጀርባ የአልጋ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ዳበስ ያደርጉና ለሌለው እንግዳ «ደህና ይደሩ» ይሉታል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ! መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። የሚተኛበት ሰው ለቅሶ ደርሶ የመጣ ይሁን ሙሽራ ይሁን አናውቅም፤ ማንም ይሁን ማን ግን አልጋው ደህና እደር ሊለው ይገባል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም እላለሁ። አብረውን የሚሠሩት የኤል ሳልቫዶር ሴቶች ሳይቀሩ «ዴና ይዴሩ» ማለት ጀምረው ነበር።

ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ያለ አፓርትመንት ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሰው ይሞላል፤ ከፌርፋክስ የሚመጣ ዘመድ፣ አዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤት ሺፍቱን ጨርሶ የሚመጣ የድሮ ጎረቤት፣ ዲቪ ደርሶት ከደሴ ገና የገባ የወዳጅ ልጅ። እትዬ ዘሀራን ግን ሲቀመጡ ያየ የለም። የራሳቸውን ምግብ ኩሽና ውስጥ ቆመው ነው የሚበሉት። ይቀመጡ እንጂ ሲባሉ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ፤ አይመጡም። እንግዳ ሲሄድ ደግሞ በር ላይ መሸኘት አይበቃቸውም። ሊፍቱ ድረስ፣ ከሊፍቱም አብረው ወርደው መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሄዳሉ፤ መኪናው እስኪታጠፍም ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። በረዶ እየጣለ በነጠላ ጫማ ሲሸኙኝ ተቆጥቻቸው አውቃለሁ። አልሰሙኝም።

ይኼ ሁሉ ያስቃል፤ ሐያትን ግን አያስቃትም ነበር። ሐያት አንድ ልጃቸው ናት፤ ያን ጊዜ ነርሲንግ ትማር ነበር። እናቷ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ጊዜ በማግስቱ ልትጠይቃቸው ስትገባ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው የሆስፒታሉን አልጋ ሲያነጥፉ አገኘቻቸው። ነርሷ በሩ ላይ አፏን ይዛ ቆማለች። ሐያት እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀሰች። ሾርባ ብታመጣ አይጠጡላትም፣ እግራቸውን ልታሽ ብትል ይሰበስቡታል፣ ልብሳቸውን ብታጥብ ተደብቀው ደግመው ያጥቡታል። አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ የልቧን ነገረችኝ። «ራሄልዬ፣ ሰምደይ ሺ ዊል ኒድ ሚ። የዚያን ቀንም እምቢ ካለችኝ ምን እሆናለሁ? እናቴ አንድ ቀን እንኳ ምንም ሳላደርግላት ልትሄድብኝ ነው።» እኔም ይኼው ይታየኝ ነበር።

የሆቴላችን ባለቤት ኩባንያ በየዓመቱ ከሠራተኞቹ አንዱን ይሸልማል። ሽልማቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለቢሮ ሰዎች ነበር፤ ያን ዓመት ግን የእትዬ ዘሀራ ስም ተጠራ። ስማርት ስልክ ገና ከሰው ሁሉ እጅ ያልገባበት ጊዜ ነው። ሽልማቱ ኩባንያው ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ ባሉት ሁለት ቅንጡ ሆቴሎች የአንድ ሳምንት ቆይታ ነበር፤ ለሁለት ሰው፣ ከነአውሮፕላኑ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እትዬ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጃፓኖች ሠራተኛ አጥሯቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለሥራ ሳይሆን ለእንግድነት ነው አልኳቸው።

«ማን ነው እንግዳው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

የሰደብኳቸው ይመስል ገላመጡኝ።

ሐያት ፈተና ስለነበረባት አብሬ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ዳለስ ኤርፖርት ስትሸኘን እናቷ እንዳይሰሙ ጎተት አደረገችኝና አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ። ምንም እንዳይሠሩ። አንድ ሳምንት ሰው ካደረገላቸው ለእሷም ተስፋ አለ። አደራውን ተቀበልኩ፤ ቀላል መስሎኝ ነበር። ኦሳካ ደርሰን ሻንጣቸው ሲከፈት ከዳቦ ቆሎው ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የሥራ ሽርጣቸውንና የጎማ ጓንታቸውን! «ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።

የመጀመሪያው ሆቴል ከትልቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የቆመ፣ ጫፉ የማይታይ ሕንፃ ነው። እኛ የሆቴል ሰዎች ነን፤ ሆቴል ብርቃችን አይደለም እያልን ነው የገባነው። ወላሂ ብርቅ ሆነብን! ስንገባ ወለሉ የማንንም እግር አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የክፍሉን ቁልፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ዘረጋችላቸው። እትዬ ዘሀራም ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው በርቷል። «አየሽ ራሄል? የጨዋ ልጅ ናት። በአንድ እጅ ወርወር አይደለም፤ በሁለት እጅ። እኔ አሌክሳንድሪያ ስንት ዘመን ለፈለፍኩ?»

ከዚያማ የሁለት እጁ ነገር ሱስ ሆነባቸው። ካርታ ሲሰጧቸው በሁለት እጅ፣ ውኃ ሲቀበሉ በሁለት እጅ፣ አንድ ቀን ዣንጥላ ሊያውሱን ሲመጡ በዝናብ ውስጥ መቀባበሉ ብቻ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። እጅ መንሳቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ሻንጣችንን ያመጣው ወጣት እኛ ሊፍቱ ውስጥ ስንገባ ከውጭ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። እትዬ ዘሀራ ያደጉት፣ እጅ የነሳሽ ሰው ቀና ሳይል ቀና አትበዪ ተብለው ነው። ልጁ ደግሞ እንግዳው ሳይሄድ ቀና እንዳይል የተማረ ነው። እሳቸው ጎንበስ፣ እሱ ጎንበስ። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ሁለቱም እንዳጎነበሱ ነበሩ። እኔ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እሳቸው ቀና ብለው ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጁ አላሸነፈኝም» አሉ።

ይሉኝታቸው ግን አስራባቸው። ገና እንደገባን አንዲት ልጅ በትሪ ቀዝቃዛ ሻይና አበባ የመሰለ ጣፋጭ ይዛ መጣች። እትዬ ዘሀራ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው «ኖ፣ ኖ፣ ቴንኪው» አሉ፤ መቼም አንድ ጊዜ እምቢ ሳይሉ መቀበል ነውር ነው። ልጅቷ እጅ ነስታ ትሪውን ይዛ ሄደች። እትዬ ዘሀራ ትሪው ከዓይናቸው እስኪሰወር በዓይናቸው ሸኙት። ለምን ደግመው እንደማይለምኑ ሲጠይቁኝ፣ እዚህ አገር እምቢ ያለን ሰው እንደሚያምኑት ነገርኳቸው። «ታዲያ እንዴት ነው የሚበላው?» አሉኝ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። መጀመሪያውኑ እሺ ማለት እንደሚቻል ስነግራቸው እንዲህ ያለ ብልግና ከእኔ እንዳልጠበቁ በሚመስል ዓይን አዩኝ።

ደስታው ግን ደስታ ነበር! ለሰላት የሚዞሩበት ቂብላ ወዴት እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ። እኔ ይኼን ማን ያውቃል ብዬ እየፈራሁ ጠየቅሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረ ባለ ጥቁር ኮት ሰውዬ ትንሽ እንድንታገሠው ለምኖ ገባና፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ያረፈ ኮምፓስ በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። ክፍላችን ድረስ መጥቶ አቅጣጫውን በእጁ አሳያቸው፤ ሲወጣም በር ላይ ያወለቁትን ጫማ ሳይረግጥ ዞሮ አለፈ። ማታ ላይ የምግብ ቤቱ አለቃ ራሱ ወጥቶ የማይበሉት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ አሳማ እንደማይበሉ ሰማ፤ በማግስቱ የትኛውም ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ሳንናገር ያውቁ ነበር። እትዬ ዘሀራ «ማሽአላህ፣ ማሽአላህ» ይሉ ነበር። በመስኮቱ ቁልቁል ባቡሮቹ እንደ ክር ሲዘረጉ እያዩ ሕፃን ሆኑ። እኔም አደራዬን የተወጣሁ መስሎኝ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ የእሳቸው አልጋ ተነጥፏል። እንዲሁ መነጠፍ አይደለም። አንሶላው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ማዕዘኑ ታጥፏል፣ ትራሱ ተነፍቶ ቆሟል። መታጠቢያ ቤቱ ደርቋል፣ መስተዋቱ ያበራል፣ ፎጣዎቹ ተጣጥፈው ተደርድረዋል፣ የሽንት ቤቱ ወረቀት ጫፍ እንኳ ሦስት ማዕዘን ሆኗል። እሳቸው ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የእኔንም ካላነጠፍኩ አሉ፤ ተጣላን፤ አሸነፉኝ። ሐያት ምን ትለኛለች እያልኩ ወጣን።

ከሰዓት በኋላ ከከተማ ስንመለስ በራችን ተንኳኳ። ባለ ጥቁር ኮቱ ሰውዬ ነው። ከኋላው የክፍል ሠራተኞችን ልብስ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አጠር ያሉ ሴትዮ ቆመዋል። ደረታቸው ላይ ያለው ስም ኦካዳ ይላል። ሰውዬው እጅ ነስቶ በእንግሊዝኛ እያመነታ ተናገረ። ወይዘሮ ኦካዳ ጠዋት ክፍሉን ሊያሰናዱ ገብተው ሰው ያደረበት ምልክት አላገኙም፤ አልጋው አልመች ብሎን ወለል ላይ ተኝተን እንደሆነ፣ ክፍሉ አስቀይሞን ሌላ ቦታ አድረን እንደሆነ ተጨንቀዋል። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ሌላ ክፍል ተዘጋጅቷል። ወይዘሮ ኦካዳ ምንጣፉን ብቻ ያያሉ።

ልተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ ዘሀራ ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ዓይናቸው ሴትየዋ ላይ ነበር። ያን አቋቋም እኛ እናውቀዋለን። እጅ ሽርጥ ላይ ተቆላልፎ፣ አንገት ተደፍቶ፣ የት ጋ እንዳጠፋን በሆዳችን እያሰብን አለቃ ጀርባ ቆመን እናውቃለን። እትዬ ዘሀራ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህችን ሴት በእኔ ምክንያት አቁመዋታል» አሉ። «በሥራዋ ገብቼ አዋርጃታለሁ። ንገሪልኝ ራሄል፤ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪልኝ። አልጋው አንደኛ ነው በይልኝ። ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ይኼ ነው። አልጋዬን ሌላ ሰው አንጥፎልኝ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚሆን አላወቅሁበትም፣ አፉ በይኝ በያት።»

ለሰውዬው ነገርኩት። እሱ ለሴትየዋ ነገራቸው። ከዚያ ወይዘሮ ኦካዳ ቀና አሉና ወደ አልጋው ሄዱ። ጎንበስ ብለው የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጡና ማዕዘኑን አዩ። በጣታቸው ነኩት። አንድ ቃል ተናገሩ፤ ሰውዬው ፈገግ እያለ ተረጎመው፤ ጥሩ እጅ ነው ብለዋል። እትዬ ዘሀራ እንደ ልጃገረድ አፈሩ። ወዲያው ወይዘሮ ኦካዳ አንሶላውን በሁለት እጃቸው ያዙና ያን ሁሉ ልፋት በአንድ ጊዜ ገፍፈው አፈረሱት። ከዚያም በጣም በትህትና፣ በተዘረጋ መዳፍ፣ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ለእትዬ ዘሀራ አሳዩአቸው።

እንዲቀመጡ ነው። እትዬ ዘሀራ እኔን አዩ። እኔ ወንበሩን አየሁ። የሐያት አደራ ትዝ አለኝ። «ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኩ።

ተቀመጡ። የወንበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። ወይዘሮ ኦካዳ አዲስ አንሶላ ዘርግተው ማንጠፍ ጀመሩ። አይቸኩሉም፣ አይዘገዩም። አንሶላው አየር ላይ ወጥቶ ሲያርፍ የእትዬ ዘሀራ ትከሻ አብሮት ይነሣል፤ ማዕዘኑ ሲታጠፍ ጣቶቻቸው እጀታው ላይ ይታጠፋሉ። አንድ ጊዜ ከወንበሩ ሊነሡ ሲሉ እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግሁ። መልሰው ቁጭ አሉ። እየቆዩ ጣታቸው ላላ፤ እጀታውን ለቀቁት። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኛ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬ ዘሀራ እጅ ሥራ ሲፈታ አየሁ። እንባቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

ወይዘሮ ኦካዳ ጨርሰው ትራሱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ ማንም ለሌለበት አልጋ እጅ ነሱ። እትዬ ዘሀራ ክንዴን ያዙኝ። «ደህና ይደሩ አለችው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ራሄል፣ እሷም ትለዋለች!»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወይዘሮ ኦካዳ ለእኛ እትዬ ኦካዳ ሆኑ። በማግስቱ ጠዋት ጩኸት መሰል ሳቅ ቀሰቀሰኝ። እትዬ ዘሀራ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው አልጋው መሐል ወጥተው አንሶላውን ይረግጡታል፤ ትራሱን ያንከባልሉታል፤ የተኙበትን ጎን ብቻ ሳይሆን ያልተኙበትንም ያምሱታል። «አንድ ጎን ብቻ ከተበላሸ ምን ሥራ ሆነ? ትሥራ እንጂ። እንግዳ ነኝ እኮ!» አሉኝ። እኔም አልጋው ላይ ወጣሁ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ያን በሚያህል ሆቴል፣ አልጋ ላይ ስንዘል እትዬ ኦካዳ በሩን ቢከፍቱ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ስንወጣ ግን እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ዞረው የታመሰውን አልጋ አዩት፤ ትልቅ ነገር የሠሩ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሆቴል የወጣን ዕለት ዳቦ ቆሏቸውን ከቤት ባመጡት ባለ ክዳን ዕቃ ሞልተው በሁለት እጃቸው ለእትዬ ኦካዳ ሰጡ። እትዬ ኦካዳ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሁለተኛው ሆቴል ወንዝ ዳር ያለ፣ ፀጥ ያለ ቤት ነበር፤ ክፍሉ የሣር ምንጣፍ ያለው የጃፓን ክፍል ነው፤ አልጋ የለውም። ማታ ማታ ሰዎች እየመጡ ፍራሹን ወለሉ ላይ ይዘረጋሉ፤ ራት ክፍል ድረስ ይመጣል፤ አንዲት ሴት ተንበርክካ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ታቀርባለች። እትዬ ዘሀራ «ኖ፣ ቴንኪው» ሊሉ አፋቸው ከተከፈተ በኋላ ዋጥ አድርገው «የስ» አሉ። ትሪውን ሊያግዟት ብድግ ሲሉ ቀሚሳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። «ተቀምጫለሁ፤ ምን ትጎትቺኛለሽ? ተቀምጫለሁ» ይላሉ። ላባቸው ይወርዳል። «ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም፤ እንግዳ መሆን እንዴት ያለ ሥራ መሰለሽ!» ይሉኝ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ግን ሻዩ ሲቀዳላቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አላሉም።

እዚያ ሆቴል ሳለን አንድ ቀን ያ የዳቦ ቆሎ ዕቃቸው ከመጀመሪያው ሆቴል ተላከላቸው። ሲከፍቱት በሩዝ ብስኩት ተሞልቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ዕቃውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ባዶ አልመለሰችውም!» አሉ። «ባዶ አልመለሰችውም፣ ራሄል። ደሴ ነው እንዴ ያለነው?» እኔም ከእሳቸው ጋር ሳቅሁ፤ አብሬያቸውም አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ዓለም ጠባብ ሆና ታይታኝ አታውቅም።

ዳለስ ኤርፖርት ሐያት እየሮጠች አቀፈቻቸውና ወደ እኔ አየች። ተሳካ አልኳት በዓይኔ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባን ግን እትዬ ዘሀራ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኩሽና ገቡ፤ ምግቡን ቆመው በሉ፤ እኔንም መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። በማግስቱ ጠዋት ሐያት ደወለችና፣ «አልጋዋን አንጥፋ ሥራ ሄዳለች» አለችኝ። ድምጿ ወርዶ ነበር። ያኔ በእትዬ ዘሀራ ተናደድኩ፤ ኦሳካ ያየሁት ሁሉ ኦሳካ የቀረ መሰለኝ።

ዓመታት አለፉ። ሐያት ተመርቃ ነርስ ሆነች፤ እትዬ ዘሀራ ጡረታ ወጡ፤ እኔ በቦታቸው ተተካሁ። ከዚያ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ቆይተው ሲወጡ ሐኪሞቹ ምንም እንዳይሠሩ አዘዙ። ሐያት በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ስትነግረኝ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። እናቷ ተነሥተው አልጋ ሲያነጥፉ ላገኛቸው ነው ብላ፣ ለጠቡም ተዘጋጅታ በሩን ትከፍታለች። እትዬ ዘሀራ መስኮቱ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አልጋው በወዲህም በወዲያም ምስቅልቅሉ ወጥቷል፤ ትራሱ እግርጌ ነው። «ያልተኛሁበትንም ጎን አምሼልሻለሁ፤ ሥራ እንዳታጪ» አሏት። ሐያት የኦሳካን ታሪክ ከእኔ መቶ ጊዜ ሰምታለችና ቃሉ ገባት። በሩን ተደግፋ አለቀሰች፤ ከዚያ አነጠፈች። እናቷ መጀመሪያ ሰሞን የወንበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘው ነበር አለችኝ። በኋላ ለቀቁት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ነው። ሐያት ሾርባ አመጣች፤ እትዬ ዘሀራ አንድ ጊዜም እምቢ ሳይሉ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ትንሽ ተሳሳቅን፤ ስለ ሊፍቱ ልጅ፣ ስለ ሻይ ትሪው። ልሄድ ስነሣ እንደ ልማዴ ክርክር ጠበቅሁ፤ እሸኝሻለሁ ይላሉ፣ ይተዉ እላለሁ፣ እምቢ ይላሉ። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አልሸኝሽም፣ ራሄል» አሉኝ። «ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ።»

በር ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ቀና ሳይሉ ቀና አልልም አልኩ በልቤ። ሐያት ሁለታችንን እያየች ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጋችው። በሩ ሲዘጋ ሁለታችንም እንዳጎነበስን ነበርን።